ኢንሱሊንን በሙቀት ወቅት ማቆየት፦ በቤት፣ በመንገድና ፍሪጅ በሌለበት

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። እንቁላል እሳት ሲነካው ረግቶ ዳግመኛ ጥሬ እንደማይሆን ሁሉ፣ ኢንሱሊንም ከልክ ያለፈ ሙቀት ሲያገኘው ወይም ወደ በረዶነት ሲለወጥ ቅርጹን ያጣል። ቅርጹን ያጣ ኢንሱሊን በትክክለኛው መጠንና ሰዓት ቢወጋም የደም ስኳርን እንደሚፈለገው አያወርድም። ስለዚህ የኢንሱሊን አቀማመጥ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

በቆላማ አካባቢ የሚኖሩ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ወይም ወደ መተማ የሚወርዱ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ፣ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ከተማ ያሉ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የሚያነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ሙቀቱ ኢንሱሊኑን አበላሽቶት ይሆን?» መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሚፈሩት የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ሙቀትን በመሸሽ የሚፈጸም ሌላ ስሕተት አለ፤ ኢንሱሊኑን ፍሪዘር ውስጥ ወይም በረዶ ላይ ማስቀመጥ። ሙቀት ኢንሱሊንን በቀናትና በሳምንታት ያዳክመዋል፤ በረዶ መሆን ግን በአንድ ሌሊት ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ።

ስንት ዲግሪ? ለስንት ቀን?

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ከተቀመጠ በብልቃጡ ላይ እስከተጻፈው የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ ድረስ ይቆያል። ይህ ቀን የሚታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። በ2018 ዓ.ም. ላይ ሆኖ ብልቃጡ ላይ «2026» የሚል የሚያነብ ሰው ገና ስምንት ዓመት እንደቀረው ሊመስለው ይችላል፤ በእርግጥ ግን የቀረው ጥቂት ወራት ነው፣ ወይም አልፎበታል። ቀኑን ፋርማሲው በእኛ አቆጣጠር እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

የተከፈተና በአገልግሎት ላይ ያለ ኢንሱሊን ከፍሪጅ ውጭ መቀመጥ ይችላል። አብዛኛው ዓይነት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ለ28 ቀን እንዲያገለግል ተፈቅዷል። ከዚህ የሚለዩ አሉ፤ አንዳንድ የኢንሱሊን ብዕሮች ከተከፈቱ በኋላ የሚያገለግሉት ለ10 ወይም ለ14 ቀን ብቻ ሲሆን፣ እስከ ስድስት ሳምንት የተፈቀደላቸው ብልቃጦችም አሉ። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት የያዘው ቁጥር ከዚህ ጽሑፍ ይበልጣል፤ ወረቀቱን ማንበብ ካልቻሉ ፋርማሲስቱ ያንብብልዎ።

ብልቃጡን በከፈቱበት ቀን ትንሽ ፕላስተር ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል፣ በቀን ከ35 ዩኒት በታች የሚወስድ ሰው ደግሞ ብልቃጡን ሳይጨርስ 28 ቀኑ ያልፍበታል። በተለይ ሕፃናት ትንሽ መጠን ስለሚወስዱ ብልቃጡ ሁለት ወር ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ ውድ በሆነበትና እንደልብ በማይገኝበት ቦታ የቀረውን መድፋት ለቤተሰብ እንደሚከብድ ግልጽ ነው። ቢሆንም በራስ ግምት ከመቀጠል ይልቅ ለሚከታተልዎ ሐኪም ነገሩን ሳይደብቁ ይንገሩት፤ አነስ ያለ መጠን የያዘ የብዕር ካርትሬጅ ሊታዘዝ፣ ወይም የደም ስኳር በቅርብ እየታየ ምን ማድረግ እንደሚቻል ሊወሰን ይችላል።

ሙቀት በእርግጥ ምን ያህል ይጎዳል?

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሰሜን ኬንያ በዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርጎ ያካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በዚያ መጠለያ በቤት ውስጥ ሙቀቱ ሌሊት ወደ 25 ዲግሪ ይወርድና ቀን ወደ 37 ዲግሪ ይወጣል። ኢንሱሊኑ በቤተ ሙከራ ለአራት ሳምንት በዚሁ በሚወጣና በሚወርድ ሙቀት ተቀምጦ ሲመረመር፣ በፍሪጅ ከቆየው ጋር የሚስተካከል ኃይል ይዞ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኮክሬን ግምገማም ያልተከፈተ የሰው ኢንሱሊን በ25 ዲግሪ እስከ ስድስት ወር፣ በ37 ዲግሪ ደግሞ እስከ ሁለት ወር ለሕክምና የሚጎዳ የኃይል መቀነስ ሳያሳይ ሊቆይ እንደሚችል አመልክቷል።

ይህ ማለት ግን የፍሪጅ ነገር ቀረ ማለት አይደለም። ጥናቶቹ የተመለከቱት በጥላ ሥር፣ ከ37 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት የተቀመጠ ኢንሱሊንን ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ ከምድጃ አጠገብ ያለው ሙቀት ሌላ ነው።  የጥናቶቹ ጥቅም ለሚጨነቅ ቤተሰብ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ አንድ ቀን ቢሞቅ ወይም ብልቃጡ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ቢያድር ኢንሱሊኑ ሞቷል ማለት አይደለም። በዚህ ሥጋት መርፌ መዝለል ከሞቀው ኢንሱሊን የበለጠ ይጎዳል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከቅዝቃዜ ከወጣ የወጣበትን ቀን ይጻፉበትና ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተከፈተ ቆጥረው አስቀድመው ይጠቀሙበት።

በረዶ የሆነ ኢንሱሊን

አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም። ከቀለጠ በኋላ መልኩ እንደ ጥንቱ ሊመስል መቻሉ ነው አደገኛ የሚያደርገው፤ በዓይን የሚያየው ሰው ምንም አይጠረጥርም። ስለዚህ ብልቃጡ በረዶ ሆኖ ካገኙት፣ ወይም ፍሪዘር ውስጥ እንዳደረ ካወቁ፣ «ቀልጧል እኮ» ብለው አይጠቀሙበት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው፣ ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ፣ «እንዳይበላሽ» ብሎ በቅንነት ወደ ፍሪዘር ሊያዛውረው ስለሚችል ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

የቤት ፍሪጅ በሙቀት ወቅት

ፍሪጅ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ከውስጡ ያለውን ሙቀት ወስዶ በጀርባው ወይም በጎኑ ወደ ክፍሉ ያወጣል። ክፍሉ ራሱ ከሞቀ፣ ወይም ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ ከታፈነ፣ ሞተሩ ሳያርፍ ቢሠራም ውስጡ አይቀዘቅዝም። በሙቀት ወቅት «ፍሪጃችን ደከመ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ ጥገና ከመጥራት በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ።

ፍሪጁን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ፣ ከእንጀራ ምጣድና ከምድጃ ያሽሹት። ከጀርባው ያለው ጥቁር ቱቦ አቧራ ከያዘ ሶኬቱን ነቅለው በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት። በብዙ ቤት ፍሪጁ ዳንቴል ለብሶ፣ ከላዩ ዕቃ ተደርድሮበት ይታያል። ያምራል፤ ነገር ግን ጎኑ ሲነካ የሚሞቅ ፍሪጅ ሙቀቱን የሚያወጣው በዚያ በኩል ነውና በጎኑ የሚወርድ ጨርቅ ካለ ቢያንስ በበጋ ይነሣ። በሩ መግጠሙን ለማወቅ አንድ ወረቀት በበሩና በአካሉ መካከል አድርገው ይዝጉትና ይሳቡት፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ የበሩ ጎማ ላልቷል ወይም ቆሽሿል። ትኩስ ወጥ ሳይበርድ አያስገቡ። ልጆች ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ በየደቂቃው የሚከፍቱት ከሆነ የመጠጥ ውኃውን በሸክላ ያስቀምጡላቸው።

አዲስ ፍሪጅ የሚገዙ ከሆነ በመለያው ላይ የአየር ንብረት ደረጃ የሚባል ፊደል አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤን» የተጻፈበት የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ ለሚደርስ ክፍል ነው፤ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ። ለደጋ ከተማ ማንኛቸውም ይበቃሉ። ለአፋር፣ ለጋምቤላ፣ ለድሬዳዋ ወይም ለመተማ ቤት ግን «ቲ» የሚለውን ይፈልጉ፤ ሻጩ ባያውቀውም ፊደሉ ከመለያው ላይ ይገኛል።

በፍሪጁ ውስጥ ኢንሱሊን የት ይቀመጥ? መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከፊት ለፊት በኩል፣ በካርቶኑ እንዳለ፣ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ። ከጀርባው ግድግዳ ጋር አይነካካ፤ ውርጭ የሚይዘው እዚያ ነው። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ከሆነ ከላይ ካለው የበረዶ ክፍል ሥርም አይሁን። በሩ ላይ ያለው ቦታ በተከፈተ ቁጥር ስለሚሞቅ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ብልቃጥ አይመረጥም።

መቆጣጠሪያ ቁልፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም። በአብዛኞቹ ፍሪጆች ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ቁልፉን እስከ መጨረሻው የሚያዞር ሰው ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ በሩም ሳይከፈት ሲያድር፣ ኢንሱሊኑን በረዶ ሊያደርገው ይችላል። ቁልፉን በትንሽ በትንሹ ይለውጡ፤ ለውጡ እስኪታይ አንድ ቀን ይጠብቁ። ከሁሉም የሚሻለው አነስተኛ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ገዝቶ ከኢንሱሊኑ አጠገብ ማድረግና ጠዋትና ማታ ማየት ነው። 4 ወይም 5 ዲግሪ ካሳየ ጥሩ ነው፤ ወደ ሁለቱም በኩል መጠነኛ ትርፍ አለው።

መብራት ሲጠፋ

በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለአራት ሰዓት ያህል ይይዛል። ሙሉ ፍሪጅ ከባዶ የተሻለ ይይዛል፤ ስለዚህ ባዶውን ቦታ ውኃ በተሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች ይሙሉት። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ብቻውን ብዙ ይረዳል። ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሦስት ጠርሙስ በረዶ ማኖርም ጥሩ ነው፤ መብራቱ ረጅም ሰዓት ሲጠፋ ጠርሙሱን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ማውረድ ይቻላል፤ ከኢንሱሊኑ ጋር ግን አይነካካ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን ይንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ኃይሉ ሊዋዥቅ ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት፤ የኃይል መቆጣጠሪያ (ስታቢላይዘር) ካለ ይሻላል። በአንድ ክረምት የተቃጠለ ኮምፕሬሰር ዋጋው ከስታቢላይዘሩ ብዙ እጥፍ ነው።

ፍሪጅ ከሌለ

ሸክላ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ አያቶቻችን ውኃ ያቀዘቀዙበት ዘዴ ነውና ለማንም አዲስ አይደለም። ውኃ በሸክላው ቀዳዳዎች አልፎ ውጭ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል፣ ውስጡም ከአካባቢው አየር በበርካታ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ወደ 5 ዲግሪ አያወርድም፤ ነገር ግን 36 ዲግሪ በሆነ ቀን ውስጡን ከ30 በታች ማድረግ ከቻለ ለተከፈተ ኢንሱሊን የሚያስፈልገውን ያህል ሠርቷል።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ገንቦ ወይም ድስት ያዘጋጁ። ሸክላው በዘይት ወይም በቅባት እህል ያልተሟሸ፣ ቀለም ያልተቀባ መሆን አለበት፤ የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለተደፈነ ውኃ አያስተንም፣ ስለዚህም አያቀዘቅዝም። ወጥ የተሠራበትን አሮጌ ድስት ለዚህ መጠቀም የማይሆነው ለዚህ ነው። ከትልቁ ሸክላ ሥር አሸዋ አድርገው ትንሹን ያስቀምጡበት፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ዙሪያውን በአሸዋ ይሙሉት፤ አሸዋውን በውኃ ያርሱት። ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ወይም ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ አድርገው በትንሹ ሸክላ ውስጥ ያኑሩት፤ አለበለዚያ በላዩ ያለው ጽሑፍ ረጥቦ ይላላል። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይክደኑት። ጠዋትና ማታ አሸዋውን እንደገና ያርሱት። ሁለት ሸክላ ካልተገኘ፣ አንድ ሸክላ ውጪውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ማስቀመጥም ይሠራል።

ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት ይሁን። በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ እርጥብ ሸክላ እርጥብ ሸክላ ብቻ ነው። ነፋሻ በሆነ በረንዳ ላይ ግን በጆንያ የተጠቀለለ የሾፌር ጀሪካን እንደሚቀዘቅዘው ይቀዘቅዛል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። በአፋር በረሃ ወይም በሑመራ በጋ በደንብ ያገለግላል። በጅቡቲ ወደብ፣ በዱባይ ወይም በጅዳ የባሕር ዳርቻ፣ በጋምቤላም የዝናብ ወቅት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውኃው በቀላሉ አይተንም፤ እዚያ ሸክላ ላይ አይተማመኑ። በእንደዚህ ያለ ቦታ የጎረቤት ፍሪጅ፣ የጤና ጣቢያ ወይም የፋርማሲ ፍሪጅ ይሻላል። አንድ ብልቃጥ ቤት አስቀምጦ የቀሩትን ጤና ጣቢያ አደራ ማስቀመጥ በብዙ ቦታ ሊፈቀድ የሚችል ነገር ነው፤ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቋት።

በመንገድ ላይ

ፋርማሲ ሲሄዱ ፔርሙስ ይዘው ይሂዱ። ፔርሙሱን በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቀው፣ ውኃውን ደፍተው፣ አድርቀው ብልቃጡን ከከተቱበት የግማሽ ቀን መንገድ ያለ ችግር ያልፋል። በረዶ የሚጠቀሙ ከሆነ የቀዘቀዘውን ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው ኢንሱሊኑንም ለብቻው ጠቅልለው በመካከላቸው ጨርቅ ይኑር። ባዶ በረዶ ከብልቃጥ ጋር ተጠግቶ ሦስት አራት ሰዓት ከሄደ ብልቃጡ ሊረጋ ይችላል። በውኃ ተነክረው የሚቀዘቅዙ፣ በውስጣቸው ውኃ የሚመጥጥ ጥራጥሬ ያላቸው የኢንሱሊን ቦርሳዎችም አሉ። የሚሠሩት እንደ ሸክላው በመትነን ስለሆነ ሌላ የተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ከከተቷቸው ጥቅም የላቸውም።

በአውቶቡስ ሲሄዱ ኢንሱሊኑ ከእርስዎ ጋር እንጂ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሁን። ከሞተሩ በላይ ካለው መቀመጫም ይራቁ። በአውሮፕላን ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ በታችኛው የዕቃ ክፍል ሊቀዘቅዝ፣ ወይም ሻንጣው ሊጠፋ ይችላል። ለፍተሻ እንዳይቸገሩ የሐኪም ደብዳቤና የፋርማሲው መለያ አብረው ይሁኑ።

በቆመ መኪና ውስጥ ኢንሱሊን ለደቂቃም አይተው። ውጭ 35 ዲግሪ በሆነ ቀን መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ቅድም የተጠቀሱት ጥናቶች ስለዚህ ዓይነት ሙቀት አይናገሩም።

መኪና ውስጥ ያሉ ፍሪጆች

በአሜሪካ በረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩ በርካታ ወገኖቻችን አሉ። ከዓመታት በፊት ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከግዛት ግዛት ጭነት ለማመላለስ ልዩ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ግን የሚያክመው ባለሙያ ሕመሙ በቁጥጥር ሥር መሆኑን ካረጋገጠለት መንዳት ይችላል። ለሳምንታት መኪና ውስጥ የሚኖር ሰው ጥሩ ፍሪጅ ያስፈልገዋል።

በ12 ቮልት ከሚሠሩት መካከል ሁለት ዓይነት አለ። ርካሹ ኮምፕሬሰር የሌለው፣ ማራገቢያ ብቻ የሚሰማበት ሳጥን ነው። ይህ የሚያቀዘቅዘው ከአካባቢው አየር ቢበዛ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ በማድረግ ነው። ስለዚህ የመኪናው ውስጥ 42 ዲግሪ ከሆነ ሳጥኑ 22 ዲግሪ ይሆናል፤ ለተከፈተ ብልቃጥ ይበቃል፣ ለሦስት ወር ክምችት ግን አይሆንም። ኮምፕሬሰር ያለው ውድ ነው፤ ግን እንደ ቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ ላይ መያዝ ይችላል። በዚህኛው ላይ አደጋው ተቃራኒ ነው፤ ብዙዎቹ እንደ ፍሪዘርም ስለሚሠሩ ቁጥሩ በስሕተት ከዜሮ በታች ከተደረገ ኢንሱሊኑ ይረጋል።

ቤተሰብ ይዞ በካምፐር የሚጓዝ ሰው የሚያገኘው ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ በጋዝ ነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት አሞኒያ እያፈላ የሚያቀዘቅዝ። በአገራችን መብራት ባልደረሰባቸው ጤና ጣቢያዎች ክትባት ይቀመጥባቸው የነበሩት የላምባ ፍሪጆች የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። ሞተር የለውም፣ ድምፅ አያሰማም፣ ነገር ግን ሁለት ድክመት አለው። ተሽከርካሪው ካዘነበለ ፈሳሹ በትክክል ስለማይዘዋወር ማቀዝቀዙን ያቆማል፤ በኃይለኛ ሙቀትም ቶሎ ይሸነፋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ማቆም፣ የፍሪጁ ጎን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንዳይመታው ማዞር፣ ከውጭ ያለውን የአየር መውጫ አለመሸፈን፣ ከጉዞው አንድ ቀን አስቀድሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ከኋላው ሙቀቱን የሚያወጣ ትንሽ ማራገቢያ መግጠም ብዙ ለውጥ ያመጣል። ውስጡ ያሉት ቀዝቃዛ የብረት ክንፎች ግን ውርጭ ስለሚይዙ ኢንሱሊኑን ከእነሱ ያርቁት።

ሙቀት በሰውነትና በመለኪያው ላይ

በሙቀት ቀን የደም ስኳር ከተለመደው ውጭ ከሆነ ወዲያውኑ ኢንሱሊኑን መወንጀል አይገባም። ሙቀት የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የተወጋው ኢንሱሊን በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ ስኳር ከሚጠበቀው በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድካም የሙቀት ብቻ መስለው ሊታለፉ ስለሚችሉ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። በሌላ በኩል ውኃ ያልጠጣ፣ ሰውነቱ የደረቀ ሰው ስኳሩ ይጨምራል።

የመለኪያው ስትሪፕም ሙቀት ይጎዳዋል። አብዛኛው ከ30 ዲግሪ በታች፣ ጣሳው በደንብ ተዘግቶ መቀመጥ አለበት፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይገባም፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

ኢንሱሊኑ ቢያጠራጥር

ከመወጋትዎ በፊት ብልቃጡን ብርሃን ላይ ይዩት። ሬጉላርና ሌሎች ጥርት ያሉ ዓይነቶች እንደ ውኃ መሆን አለባቸው፤ ከደፈረሱ፣ ቢጫ ከሆኑ ወይም ብናኝ ከታየባቸው ይጣሉ። ኤንፒኤችና ድብልቁ 70/30 በተፈጥሯቸው ደፍራሽ ናቸው፤ በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ብለው ሲያንከባልሉት ወጥ የሆነ ወተት መምሰል አለበት። ተንከባሎም ጓጉሎ ከቀረ፣ ወይም በብልቃጡ ጎን ላይ ውርጭ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ አይወጉት። መልኩ ደህና መሆኑ ግን ኃይሉ ሙሉ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም።

ምግብም መጠንም ሳይለወጥ ስኳርዎ ለሁለት ሦስት ቀን ከፍ ብሎ ከቆየ አዲስ ብልቃጥ ይክፈቱና ልዩነቱን ይዩ። ደካማ መስሎ በታየዎ ኢንሱሊን ላይ መጠኑን በራስዎ አይጨምሩ፤ በዚያው የጨመሩት መጠን አዲሱን ብልቃጥ ሲጀምሩ ስኳርዎ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ሌላ ብልቃጥ ከሌለዎ፣ በረዶ ያልሆነውንና መልኩ ያልተለወጠውን ኢንሱሊን እየወሰዱ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ያለ ኢንሱሊን አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም።

ብርቱ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው ትንፋሽ፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ወይም መፍዘዝ ከታየ ኬቶአሲዶሲስ የሚባለው አደገኛ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ሲጠቀምበት የነበረውን ብልቃጥም ይዘው ይሂዱ።